እናቴ የፈተለችው ጋቢ ወይስ የሱቅ ብርድ ልብስ?

ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። እኔ ጋ ሁለቱም አሉ። የሱቁ ብርድ ልብስ ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ያሞቃል፣ ሄዶ ገዝቶ መምጣት ብቻ ነው። እንግዳ ሊመጣባችሁ ከሆነ እሱን ግዙ።

ጋቢው ግን በጣም ይለያል። እናቴ ከባቲ የሰኞ ገበያ የመጣውን ጥጥ ፍሬውን በመዳመጫ አውጥታ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን ቡና እየተፈላ ሳይቀር በእንዝርት ስትፈትል ክረምቱ አለቀ። ድሩን ቀጠንና ጠንከር፣ ማጉን ወፈርና ለስለስ ታደርገዋለች፤ ሙቀቱ ከዚያ ማግና ከአራቱ እጥፍ ነው የሚመጣው።

እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። ክሬ እየተበጠሰ አስቸገረኝ፣ አንዱ ጋ ወፍሮ ሌላው ጋ ቀጠነ። «አብሽሪ ልጄ፣ እጅሽ ይለምዳል» አለችኝ፤ ልቃቂቴንም ሳትጥል ከሷ ማግ ጋር ለሸማኔው ሰጠችው።

የሱቁን ማን እንደሠራው አላውቅም። ጋቢው ላይ ግን ከጥለቱ አጠገብ ጎርበጥ የሚል መስመር አለ፣ የኔ ክር ነው። መብራት ካጠፋሁ በኋላ በጣቴ እፈልገዋለሁ።