ኢትዮጵያውያንን ይዞ መጫወት፦ የኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2 ግምገማ

ኤጅ ኦፍ ኤምፓየርስ 2 ተጫዋቹ አንድ ሥልጣኔ መርጦ ኢኮኖሚ እየገነባ ጦር የሚያዋጋበት የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጨዋታ ነው፤ ዳርክ፣ ፊውዳል፣ ካስልና ኢምፔሪያል ኤጅ በሚባሉ አራት ዘመናት ያልፋል። ኢትዮጵያውያንን የመረጠ ተጫዋች የመጀመሪያውን ጥቅም የሚያገኘው ፊውዳል ኤጅ እንደገባ ነው። እዚያው ቅጽበት 100 ምግብና 100 ወርቅ በነጻ ይገባለታል፤ ካስል ኤጅና ኢምፔሪያል ኤጅ ሲገባም ይደገማል። ሲያዩት ትንሽ ነው። ነገር ግን ጨዋታው ሲጀመር ከሚሰጠው 100 ወርቅ ጋር 200 ይሞላል። አንድ ቀስተኛ የሚፈጀው 25 እንጨትና 45 ወርቅ ስለሆነ፣ አንድም ሠራተኛ ወርቅ ሳይቆፍር አራት ቀስተኞች ይወጣሉ ማለት ነው። ምግቡ ደግሞ የሁለት ሠራተኛ ዋጋ ነው፤ ታውን ሴንተሩ (ሠራተኛ የሚወጣበት ዋና ሕንጻ) በምግብ እጥረት ሥራ እንዳይፈታ ያደርጋል።

ይህ ሥልጣኔ የመጣው በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዘ አፍሪካን ኪንግደምስ» ማስፋፊያ፣ ከበርበሮች፣ ከማሊዎችና ከፖርቹጋሎች ጋር ነው። ዛሬ ኦንላይን የሚጫወቱት ግን በ2019 በወጣው ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን ነው። ወታደሮቹ ሲታዘዙ በአማርኛ ይመልሳሉ፤ ይህ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ለራንክድ (ደረጃ ለሚሰጥበት) ጨዋታ ሲመረጡ ግን መመዘን ያለባቸው በቀስተኞቻቸውና በኢኮኖሚያቸው ነው።

ኢኮኖሚያቸው ከዚያ ስጦታ ውጭ ምንም የተለየ ነገር የለውም። እንጨት ቶሎ አይቆርጡም፣ እርሻቸውም ከሌላው አይበልጥም። ስለዚህ ስጦታው የት ላይ እንደዋለ ጨዋታውን ይወስናል። የተለመደው አካሄድ በ22 ወይም በ23 ፖፑሌሽን (የሕዝብ ብዛት) ወደ ፊውዳል መሻገር፣ በሽግግሩ ጊዜ ባራክስ (የእግረኛ ሰፈር) ማቆም፣ እንደገቡ ደግሞ ሁለት አርቸሪ ሬንጅ (ቀስተኛ የሚወጣበት ሕንጻ) መጀመር ነው። ሬንጅ አንዱ 175 እንጨት ነው፤ ሁለቱ 350። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ዳርክ ኤጅ ሳለ ስምንት ሠራተኛ ወርቅ ላይ ይደረድርና ሬንጁን የሚያቆምበት እንጨት ያጣል። ስጦታው ወርቅ ይዞ ስለሚመጣ ሠራተኛው በሽግግሩ ጊዜ እንጨት ላይ ይብዛ፤ ወደ ወርቅ የሚዞረው ሬንጁ መቆም ሲጀምር ነው።

ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ወርቅ ላይ ይሁን? ሁለት ሬንጅ ሳያቋርጡ ሲያመርቱ በ35 ሰከንድ 90 ወርቅ ይበላሉ፤ በደቂቃ 154 ገደማ ነው። አንድ ቆፋሪ በደቂቃ ወደ 23 ወርቅ ያወጣል። ሰባት ሰው በቂ ነው፤ ፍሌቺንግን (የቀስተኞችን ጥቃትና ርቀት የሚጨምር ማሻሻያ) ለመጨመር ስምንት።

ቀስተኞቻቸው 18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ። አሥሩ የሚያወርዱት ፍላጻ የአሥራ ሁለት ያህል ነው፤ ሲመቱ ግን የሚሞቱት እንደ አሥር ነው። ልዩነታቸው ከሌሎቹ የቀስት ሥልጣኔዎች ጋር ሲታይ ይገባል። ብሪተኖች ከሩቅ ይመታሉ፣ ማያዎች በርካሽ ያበዛሉ፤ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ቆመው ሲተኩሱ ያሸንፋሉ። ሲሸሹ ጥቅማቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ጦር ያዥ ከፊት ያስፈልጋቸዋል፤ ካስል ኤጅ ላይ የፓይክማን (የጦር ያዥ ቀጣይ ደረጃ) ማሻሻያ በነጻ የተሰጣቸውም ለዚህ ይመስለኛል። ሌላው ሥልጣኔ ለዚህ 215 ምግብና 90 ወርቅ ይከፍላል። በፈረሰኛ ከሚመጡት ፍራንኮች ጋር ሲገጥሙ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፓይክማን ቀጥሎ ያለው ሃልበርዲየር ግን ነጻ አይደለም፤ 300 ምግብና 600 ወርቅ ነው፣ አስቀድሞ ይታሰብበት።

ልዩ ወታደራቸው ባለሾተል ነው። ጥቃቱ 16 ሆኖ ይጀምራል፣ ሲሻሻል 18፤ በፍጥነት ይመረታል፣ ይሮጣልም። ሉም (የሠራተኛን ጽናት የሚጨምር ማሻሻያ) ያልተሠራለትን ሠራተኛ በሁለት ምት ይጥላል፤ ሉም ካለው በሦስት። ችግሩ ፍላጻ የሚመክትበት ምንም ነገር የለውም። ክሮስቦው (የተሻሻለ ቀስተኛ) ወደተሰለፈበት ሜዳ ማስገባት ማለት ማስጨረስ ነው። ካስሉን (650 ድንጋይ) ወደ ጠላት እርሻ ጠጋ አድርጎ ሠርቶ፣ አምስት ስድስቱን ሠራተኛ ወዳለበት መልቀቅ ነው የሚያዋጣው፤ የጠላት ቀስተኞች ለመከላከል ሲመለሱ ዋናው ጦር በሌላ በኩል ይገፋል።

በኢምፔሪያል ኤጅ ቶርሽን ኢንጅንስ የሚባለው ቴክኖሎጂ ከሲጅ ዎርክሾፕ (የከበባ መሣሪያ ማምረቻ) የሚወጡ መሣሪያዎችን የጉዳት ስፋት ይጨምራል። ሲጅ ኦናገራቸው አንድ ድንጋይ ወርውሮ የተጠጋጋ ጦር ግማሹን ሊጨርስ ይችላል። ትሬቡሼት (ሕንጻ የሚያፈርስ ትልቅ ድንጋይ ወርዋሪ) የሚወጣው ከካስል ስለሆነ አይነካውም። ጥንቃቄ የሚሻው ድንጋዩ የራስንም ወታደር መምታቱ ነው፤ ስፋቱ ሲጨምር አደጋውም ይጨምራል። ፓይክማኖቹ ከጠላት ጋር ከተቀላቀሉ በኋላ ኦናገሩን ማስቆም፣ ወይም መሬት እንዲመታ ማዘዝና ከጠላት ኋለኛ ረድፍ ላይ ማነጣጠር ያስፈልጋል። እንደ ብላክ ፎረስት ባለ ደን በበዛበት ካርታ ኦናገር ዛፍ ስለሚያፈርስ መንገድም ይከፍታል።

አረቢያን በመሰለ ክፍት ካርታ አንድ ለአንድ ለሚጫወትና እጁ ለፈጠነ ሰው ኢትዮጵያውያን ምርጥ ናቸው። ጎቶች ከገጠሙ ግን ቀስት ብቻ ይዞ መቀጠል አይቻልም፤ ልዩ ወታደራቸው ሃስካርል ፍላጻን ይንቃል፣ ወደ ኦናገር ቶሎ መሻገር ግድ ነው። በቡድን ጨዋታ ዳር ያለውን ቦታ፣ ፍላንክን፣ ይያዙ። ፖኬት (መሐል ያለው ቦታ) ላይ የሚጠበቀው ከባድ ፈረሰኛ ነው፤ ኢትዮጵያውያን ግን ፓላዲን (የመጨረሻው ደረጃ ከባድ ፈረሰኛ) የላቸውም። ቦታው ከደረሰባችሁ ግመል አውጡ፤ ሮያል ኤርስ የሚባለው ቴክኖሎጂ ከተሠራ በኋላ ግመሎቹም ባለሾተሎቹም ከፈረሰኛ የሚደርስባቸው እያንዳንዱ ምት በ3 ይቀንሳል።