የባክአፕ ቅጂ ወዴት ይሂድ? ሁለተኛ ማሽን፣ ክላውድ ወይስ ተራ ሰርቨር

የባክአፕ ማሽን ልትገዙ ነው እንበል። ሴቲንጉ ውስጥ ሪፕሊኬሽን (ባክአፑን ሌላ ቦታ መቅዳት) የሚለውን ስትከፍቱ ቅጂው ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቃችኋል። ብዙ ሰው መላኩ የቀለለውን ይመርጣል። እኔ ግን ከመመለሱ ጀምሩ ባይ ነኝ። ዋናው ማሽን የተቃጠለ ወይም የተሰረቀ ቀን፣ ዳታው በስንት ሰዓት ውስጥ እጃችሁ ሊገባ ይገባል?

መልሱ «በጥቂት ሰዓት» ከሆነ ሌላ ህንፃ ውስጥ የተቀመጠ፣ ከአንድ አምራች የተገዛ ሁለተኛ ማሽን የሚያክል የለም። እንደ ዴል ዳታ ዶሜይን ያሉት ተደጋጋሚውን ዳታ አንዴ ብቻ ነው የሚያስቀምጡት፣ ስለዚህ በመስመሩ የሚልኩትም ወዲያኛው ማሽን ላይ የሌለውን ቁራጭ ብቻ ነው። የኢንተርኔት መስመራችሁ ቀጭን ከሆነ ይሄ ነገር በጣም ያግዛል። ችግሩ ኪስ ላይ ነው። ሁለት ማሽን፣ ሁለት የድጋፍ ውል፣ አንዳንዴም ለብቻው የሚሸጥ የሪፕሊኬሽን ፈቃድ። የኔትወርኩን ዘበኛ ፋየርዎሉንም አትርሱ፤ ዳታ ዶሜይን ለዚህ ሥራ በተለምዶ ፖርት (የኔትወርክ በር) 2051ን ይጠቀማል፣ እሱ ከተዘጋ ሁለቱ አይገናኙም።

አነስ ባሉት ማሽኖች ላይ ደግሞ የፋይል ሲስተሙን፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎችን የሚያደራጅበትን ዘዴ እዩ። የሲኖሎጂ ስናፕሾት ሪፕሊኬሽን (ስናፕሾት ማለት ዳታው በአንድ ቅጽበት የነበረበት መልክ ነው) በሁለቱም ወገን ቢቲአርኤፍኤስ ይፈልጋል፣ ትሩናስ ደግሞ ዜድኤፍኤስ። ሁለተኛውን ረከስ ካለው ሞዴል ልግዛ ብላችሁ ሞዴሉ ይህን የማይደግፍ ሆኖ ከተገኘ ገንዘባችሁ ውሃ በላው ማለት ነው።

ክላውድ ሲጀመር ያጓጓል። የሚገዛ ዲስክ የለም፣ የሚቀዘቅዝ ክፍል የለም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ኦብጀክት ሎክ የሚባለው ነው። የአማዞን የክላውድ ማከማቻ በሆነው ኤስ3 ላይ ኮምፕሊያንስ በሚባለው ሁኔታ ከቆለፋችሁት፣ የጊዜ ገደቡ እስኪያልቅ ድረስ የአካውንቱ ባለቤት ራሱ እንኳን ሊያጠፋው አይችልም። የአድሚኑን ፓስወርድ ለሰረቀ ሰው ይሄ ግድግዳ ነው። ግን የቀኑን ርዝመት አስባችሁ ሙሉት፤ በስህተት 10 ዓመት ብላችሁ ብትቆልፉት የ10 ዓመቱን ኪራይ ትከፍላላችሁ።

መመለሱ ላይ ስትደርሱ ነው ክላውድ ፊቱን የሚያጠቁረው። 1 ቴራባይት በ100 ሜጋቢት መስመር ለማውረድ፣ መስመሩ ምንም ሳይቆራረጥ እንኳን 22 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 10 ቴራባይት ከሆነ ከ9 ቀን በላይ ነው። ብዙዎቹ አቅራቢዎች ለማውረዱም ያስከፍላሉ። በርካሹ ደረጃ፣ ለምሳሌ በአማዞኑ ግሌሲየር ዲፕ አርካይቭ ላይ ካስቀመጣችሁት ደግሞ ማውረድ ከመጀመራችሁ በፊት ፋይሉ እስኪዘጋጅ እስከ 12 ሰዓት፣ በርካሹ መንገድ ካዘዛችሁ እስከ 48 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። ከ180 ቀን በፊት ብታጠፉትም የ180 ቀኑን ሂሳብ ትከፍላላችሁ። የሦስት ወር ቅጂ ብቻ ለሚይዝ ድርጅት ይሄ ደረጃ አያዋጣም።

ሦስተኛው ተራ የሊኑክስ ሰርቨር ነው፤ አርሲንክ የሚባለው ፋይል መገልበጫ ፕሮግራም ኤስኤስኤች በሚባለው የተመሰጠረ ግንኙነት ይልክበታል። ርካሽ ነው፣ ከአምራች ጋርም አያስራችሁም። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ ግን ተዉት። አርሲንክ ከምንጩ የጠፋውን ከመድረሻውም እንዲያጠፋ ከታዘዘ ሳያቅማማ ያጠፋል፣ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) የበላውን ፋይልም እንደ አዲስ ቆጥሮ ይልካል። ስለዚህ መድረሻው ላይ ስናፕሾት ይኑር። ከተቻለም ዋናው ማሽን ከሚልክ መድረሻው ራሱ መጥቶ ይውሰድ፤ ያን ጊዜ ዋናው ማሽን የመድረሻውን ቁልፍ ስለማይይዝ፣ እሱን የሰበረ ሰው ወደ ቅጂው የሚገባበት ቁልፍ አያገኝም።

ዳታው ጥቂት ቴራባይት ሆኖ ሥራው ሁለት ሦስት ቀን መቆም ከቻለ እኔ የተቆለፈ ክላውድ እመርጣለሁ፣ ግን በርካሹ ደረጃ ሳይሆን በመደበኛው። ሥራው መቆም ካልቻለ ሁለተኛ ማሽን። እሱን ከገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሁለቱን እዚያው አንድ ኔትወርክ ላይ አገናኝታችሁ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ ጨርሱና ከዚያ ማሽኑን ወደ ቦታው ውሰዱት፣ አለበለዚያ በኢንተርኔት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ቅጂው የተመሰጠረበት ቁልፍ ዋናው ማሽን ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ሻጩን ጠይቁ። ማሽኑ ከነቁልፉ ከሄደ ክላውድ ላይ ያለው ቅጂ አይከፈትም።