በአዳማ ስለ ጥርስ ፍንጭት በቅንነት ለመከሩን ሐኪም የቀረበ ምስጋና

በአዳማ ከተማ ከፍራንኮ ብዙም በማይርቅ አንድ አነስተኛ ክሊኒክ የሚሠሩ የጥርስ ሐኪም ለቤተሰባችን ስላደረጉት ሕክምና፣ እንዲሁም ማስከፈል እየቻሉ አያስፈልግም ብለው ስለተዉት ሕክምና፣ በአደባባይ ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም።

መጀመሪያ የሄድነው በ8 ዓመት ልጄ ምክንያት ነው። ከላይ የበቀሉት ሁለት ቋሚ የፊት ጥርሶቿ ተራርቀው ስለወጡ፣ ቀደም ሲል ባሳየናት ሌላ ቦታ ከላይኛው ከንፈሯ ወደ ድዷ የሚወርደው ጅማት ሳይውል ሳያድር መቆረጥ አለበት ተብለን ነበር። እኚህ ሐኪም ግን ከንፈሯን ገልጠው ጅማቱን አዩ፣ ክፍተቱን በመለኪያ ለኩ፣ ከዚያም በጥርሶቹ ሥር መካከል የተደበቀ ትርፍ ጥርስ አለመኖሩን እና ከጎን የሚወጡት ጥርሶች በመንጋጋዋ ውስጥ መኖራቸውን ለማረጋገጥ ራጅ አነሷት። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሲያገኙት፣ የላይኞቹ ክራንቻዎች በ11 ወይም በ12 ዓመት ገደማ ሲወጡ የፊቶቹን ጥርሶች ወደ መሐል እንደሚያቀራርቧቸው፣ በዚህ ዕድሜ እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ያለ ሕክምና እንደሚዘጋ፣ ጅማቱ ያለ ጊዜው ቢቆረጥ ግን የሚተወው ጠባሳ ጥርሶቹን እንዳይገናኙ ሊያደርጋቸው እንደሚችል አስረዱን። የልጄ ክፍተት ከዚያ ያነሰ ስለሆነ በየዓመቱ እያሳየን እንድንጠብቅ ነግረው አሰናበቱን። አብሮን የነበረው ታናሽ ወንድሟም የወተት ጥርሶቹ የተራራቁ መሆናቸውን አይተው፣ የሚተኳቸው ጥርሶች ሰፋፊ ስለሆኑ ይህ ቦታ እንዲያውም ይጠቅመዋል አሉ።

በዚሁ አጋጣሚ አንዲት ዘመዳችን ክፍተቱን በላስቲክ አስሮ መዝጋት እንደሚቻል በስልኳ አይታ እንደነበረ ሳነሳባቸው፣ እስከዚያ ድረስ ረጋ ብለው ሲናገሩ የነበሩት ሰው ፊታቸው ተለዋወጠ። የጥርስ ሥር ወደ ላይ እየቀጠነ ስለሚሄድ ላስቲኩ ሳይታይ ከድድ ሥር እየተንሸራተተ ይገባል፤ ጥርሱን የያዘውን አጥንትም ይጎዳል፤ በዚህ ምክንያት ጤነኛ ጥርሶቻቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ወላጆች ሁሉ ይህን ቢያውቁት መልካም ነው።

እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥርሰ ፍንጭት ነኝ፤ አባቴም እንዲሁ ነበሩ። ድዴ ጤነኛ መሆኑን ካዩ በኋላ፣ ብፈልግ በብሬስ (ጥርስን ቀስ በቀስ በሚያንቀሳቅስ ሽቦ) ወይም በነጭ ሙሌት ሊዘጋ እንደሚችል፣ በብሬስ የተዘጋው ግን ጥርሶቹን በቦታቸው የሚይዝ ማቆያ ካልተደረገለት ተመልሶ እንደሚከፈት ነግረውኝ ምርጫውን ለእኔ ተዉት። እኔም ተውኩት።

የእናቴ ጉዳይ ግን የተለየ ነበር። እናቴ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ካለፈ በኋላ የፊት ጥርሶቻቸው መራራቅ ጀመሩ፤ የሰፈር ሴቶችም ቡና ላይ «በስተርጅና ፍንጭት አወጡ፣ ያምርብዎታል» እያሉ ያሞግሷቸው ነበር። እርሳቸውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም። ሐኪሙ ግን በአዋቂ ሰው ላይ እንደ አዲስ የሚከፈት ክፍተት ምክንያቱ ሳይታወቅ ሊታለፍ እንደማይገባው ተናግረው፣ በቀጭን መለኪያ በየጥርሱ ዙሪያ በድዱና በጥርሱ መካከል ያለውን ጥልቀት ለኩ፤ ጤነኛ ድድ እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእናቴ በብዙ ቦታ ከዚያ ያለፈ ነበር። የድድ በሽታው ጥርሶቹን የሚይዘውን አጥንት ስለበላው ጥርሶቹ ከቦታቸው እየተገፉ ነበር። እናቴ ስኳር ስላለባቸውም፣ ያልተስተካከለ ስኳር የድድ በሽታን እንደሚያባብስ ነግረው ከስኳር ሐኪማቸው ጋር እንዲነጋገሩ አደረጉ።

ክፍተቱን በሙሌት ይድፈኑልን ብለን ብንጠይቃቸውም እሺ አላሉንም። በሽታው ሳይቆም ክፍተቱን መዝጋት በሚያዘም ግድግዳ ላይ ቀለም እንደመቀባት ነው አሉን። በተለያየ ቀጠሮ ከድድ ሥር የደረቀውን ቆሻሻ እያደነዘዙ ጠረጉ፤ ረዳታቸው የሆኑት ሲስተርም በጥርሶች መካከል የሚገባውን ቀጭን ብሩሽ አጠቃቀም እናቴ ራሳቸው በመስታወት እያዩ እስኪለምዱት ድረስ አስተማሯቸው። መፋቂያቸውን ግን አልከለከሏቸውም፤ በጥርስ መካከል ያለውን ቆሻሻ ብቻውን አያወጣም እንጂ ይጠቀሙበት ተባሉ። አሁን ድዳቸው መድማቱን አቁሟል፤ የላላው ጥርስም ጠንክሯል። ክፍተቱ አልተዘጋም፤ እንደማይዘጋም ሐኪሙ ገና ከመጀመሪያው ነግረውን ነበር።

በእኛ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ስለ ጥርስ ሲነሳ ሁሉም የሚያስበው መበለዙን ነው፤ ይህ ግን በልጅነት ከሚጠጣው ውሃ ፍሎራይድ የሚመጣ የመልክ ለውጥ ሲሆን ከጥርስ መራራቅ ጋር አይገናኝም።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ጠዋት በጊዜ መድረስ ይሻላል፤ መላውን መንጋጋ የሚያሳይ ራጅ ስለሌላቸው ሲያስፈልግ ወደ ሌላ ቦታ ይልካሉ። ሕክምና ከመጀመራቸው በፊት ዋጋውን በወረቀት ጽፈው ይሰጣሉ። አድራሻውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ እልክላችኋለሁ።