ፓሪ/ጂፒ፦ ትልልቅ ሙሉ ቁጥሮችን ለሚመረምር ሰው

የቁጥር ቲዎሪ ለሚማርም ሆነ ለሚያስተምር ሰው አንድ ፕሮግራም ብቻ ጠቁም ብባል፣ ያለ ማመንታት የምጠቁመው ፓሪ/ጂፒን ነው። የጀመሩት በፈረንሳይ የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ ሄንሪ ኮኸንና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ የሚሰራጨው በነጻ ነው። በኮምፒውተርም በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ስለማይጠይቅ ኔትወርክ ቢቆራረጥም ሥራ አይቆምም።

ብቃቱን ለማየት 4,294,967,297ን እንውሰድ። ይህ ቁጥር 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲደመርበት የሚገኝ የፈርማ ቁጥር ነው። በዚሁ ተርታ ከእሱ የሚቀድሙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) በመሆናቸው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሒሳብ ሊቅ ፒዬር ደ ፈርማ ተከታዮቹም እንዲሁ እንደሚሆኑ ያምን ነበር፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግን በ1732 ይህ ቁጥር ለ641 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል አሳየ። ፓሪ/ጂፒ ላይ ቁጥርን ወደ አባዢዎቹ የሚተነትነው የ«ፋክተር» ትእዛዝ ሲሰጥ 641 እና 6,700,417 እያንዳንዳቸው ስንት ጊዜ እንደሚባዙ ከሚያሳይ ቁጥር ጋር ወዲያው ይወጣሉ።

ይበልጥ የወደድኩት ቀጥሎ ያለውን ነው። ፈርማ ባገኘው ሕግ መሠረት፣ ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ሲኖረን፣ ብዛታቸው ከቁጥሩ በአንድ የሚያንስ ሁለቶችን አባዝተን ለቁጥሩ ብናካፍል የግድ 1 ይቀራል። ፓሪ/ጂፒ በ4,294,967,297 ላይ ስሌቱን ሲሠራው ቀሪው 1 ይሆናል፤ ቁጥሩ ግን ተተንታኝ ነው፣ ማለትም ብቸኛ አይደለም። እንዲህ ያለው ቁጥር ለ2 ሐሰተኛ ብቸኛ ተብሎ ስለሚመደብ፣ በዚህ ፈተና ብቻ የሚተማመን ሰው ይሳሳታል። ፓሪ/ጂፒ ግን ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች አሉት፦ አንደኛው በጠንካራ ፈተና ቁጥሩ ብቸኛ መምሰሉን በፍጥነት ይናገራል፣ ሁለተኛው ብቸኛ መሆኑን ያረጋግጣል። ለዚህ ቁጥር ሁለቱም 0፣ ማለትም «አይደለም» ብለው ይመልሳሉ። ግምትን ከማረጋገጫ ለይቶ ማስቀመጡ በእኔ ዓይን ከፍጥነቱም ይበልጣል።

የዚሁ ቁጥር ሌሎች ባሕርያትም በቀላሉ ይገኛሉ። ከራሱ በቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ 6,701,059 ብቻ ስለሚሆኑ፣ ድምራቸው ከቁጥሩ ከሚያንስባቸው ቁጥሮች ይመደባል። በአንዲት መስመር ትእዛዝ ደግሞ የሁለት ስኩዌር ቁጥሮች ድምር ሆኖ የሚጻፍባቸው ሁለት መንገዶች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው የ65,536 እና የ1፣ ሁለተኛው የ62,264 እና የ20,449 ስኩዌሮች ድምር ነው።

የፕሮግራሙ ጉድለት ለጀማሪ አለመመቸቱ ነው። የሚጫኑ አዝራሮች የሉትም፣ ሁሉም ነገር በትእዛዝ ይጻፋል፣ መመሪያውም ሰፊና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። መጀመሪያ የሚይዘው ሜሞሪ አነስተኛ ስለሆነ ከባድ ስሌት መሀል ላይ ሊቋረጥ ይችላል፤ መጠኑን የሚጨምረውን ትእዛዝ አስቀድሞ መማር ይበጃል። ባለ 200 አሃዝ ቁጥር ብቸኛ መሆን አለመሆኑን በአጭር ጊዜ ይለያል፤ የሁለት ባለ 100 አሃዝ ብቸኛ ቁጥሮችን ብዜት ወደ አባዢዎቹ መልሶ እንዲተነትን ግን በቤት ኮምፒውተር አይጠበቅበትም።