የዩዘርና የፓስወርድ አያያዝ፦ ለጎንደር ቢሮ የቱ ይሻላል?

ኮምፒውተሮቻችሁ ከአስር ካለፉ ይህ ንጽጽር ለእናንተ ነው። ማራኪ ያለ ትምህርት ቤት ይሁን አዘዞ ያለ ክሊኒክ፣ ችግሩ ያው ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር በየማሽኑ እየዞሩ አካውንት መክፈት፣ ሲለቅ እየዞሩ መዝጋት። መክፈቱስ አይረሳም፤ ካልተከፈተለት ሰውየው ራሱ ይጠይቃል። የሚረሳው መዝጋቱ ነው። ከወራት በፊት የለቀቀ ሰው ፓስወርድ ጥግ ላይ ባለ አንድ ኮምፒውተር እስካሁን ይሠራል።

እኔ የምመዝነው በሁለት ነገር ነው። ኢንተርኔት በሄደ ቀን ሠራተኛው ገብቶ መሥራት ይችላል ወይ? ሲስተሙን የተከለው ባለሙያ ከተማ ቢቀይር የሚተካው ሰው እዚሁ ይገኛል ወይ? ዋጋ ከዚያ በኋላ ነው።

አምስት ስድስት ማሽን ብቻ ካላችሁ ምንም አትግዙ፣ በየማሽኑ መያዝ ይበቃል። ሊኑክስ ላይ የዩዘሩ ዝርዝር ማንም ሊያነበው በሚችል ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ የፓስወርዱ ሃሽ (ፓስወርዱ እንዳይነበብ ተደርጎ የተቀየረበት ጽሑፍ) ግን ሻዶው በሚባለው፣ አስተዳዳሪው ብቻ በሚከፍተው ፋይል ነው ያለው። እነዚህን ፋይሎች ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው በስክሪፕት የሚገለብጡ አሉ። ይሠራል፣ ግን አንዱ ዩዘር በራሱ ማሽን ላይ ፓስወርድ ቢቀይር ቀጣዩ ግልበጣ ያጠፋበታል። ሁለት ማሽኖች አንድን የዩዘር ቁጥር ለሁለት ሰው ከሰጡ ደግሞ ሊኑክስ የፋይሉን ባለቤት የሚለየው በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ ፋይል ሲጋሩ የአንዱ ዶክመንት ለሌላው ክፍት ይሆናል።

ኤንአይኤስ (የዩዘሩን ዝርዝር ከአንድ ሰርቨር ለሁሉም ማሽን የሚያዳርስ የቆየ ሲስተም) እንትከልላችሁ የሚል ካለ እምቢ በሉ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1980ዎቹ የሠራው ነው፤ የፓስወርድ ሃሾችን ሳይመሰጥር በኔትወርኩ ላይ ይልካል። የሊኑክስ ኩባንያው ሬድ ሃት ከኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ ስሪት 9 ጀምሮ አውጥቶታል።

ዋናው ፉክክር በዊንዶውስ ሰርቨርና ሊኑክስ ላይ በሚሠራው በሳምባ መካከል ነው። ሁለቱም የሁሉንም ማሽን ዩዘሮች ቢሮው ውስጥ ከሚቀመጥ ሰርቨር ያስተዳድራሉ፤ ስለዚህ ኢንተርኔት ቢሄድም ሠራተኛው ይገባል። የዊንዶውስ ሰርቨሩ አክቲቭ ዳይሬክተሪ፣ ማለትም ዩዘሮቹን የሚያስተዳድረው ክፍል፣ በሰው በኩል ይበልጣል፤ የሚያውቀው ባለሙያ ማግኘት ይቀላል። ወጪው ግን ከሰርቨሩ ፈቃድ አያልቅም፣ በመደበኛው እትም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ወይም ኮምፒውተር ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ላፕቶፖቹም ዊንዶውስ ፕሮ መሆን አለባቸው። ሆም የሚለው እትም ዶሜን (በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩ ማሽኖች ስብስብ) ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ላፕቶፕ ስትገዙ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ። ሳምባ ነጻ ነው። ከ2012 ጀምሮ፣ ከስሪት 4.0 ማለት ነው፣ የዶሜኑን ሥራ ራሱ ይሠራል፤ የዊንዶውስ ማሽኖች ያለችግር ይገቡበታል፣ ዩዘሮቹንም በማይክሮሶፍት በራሱ መሣሪያዎች ማስተዳደር ይቻላል። ድክመቱ ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው መፈለጉ ነው። ማሽኖቻችሁ በሙሉ ሊኑክስ ከሆኑ ደግሞ ሁለቱንም ትታችሁ ለሊኑክስ የተሠራውን ተመሳሳይ ሲስተም፣ ፍሪአይፒኤን ውሰዱ።

ሦስቱም ግን የሚገባውን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ የሚጠቀሙት ኬርቤሮስ የሚባለውን ዘዴ ነው፤ እሱ ደግሞ በሰዓት ጉዳይ ጥብቅ ነው። በማሽኑና በሰርቨሩ ሰዓት መካከል ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ካለ፣ ፓስወርዱ ትክክል ሆኖም ሊከለክል ይችላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሲሞስ ባትሪው (ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስኬደው ትንሽ ባትሪ) የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር መብራት ሲመለስ ቀኑን ዓመታት ወደኋላ ወስዶ ይነሳል። አንዱ ደግሞ ጠዋት 8፡00 የሚለውን አይቶ ተሳስቷል ብሎ 2፡00 ያደርገዋል፣ የስድስት ሰዓት ልዩነት! ስለዚህ ባትሪዎቹን ለውጡ፣ ሰዓት የመቀየር ፈቃድ ከተራ ዩዘር ላይ አንሱ፣ ማሽኖቹ ሰዓታቸውን ከሰርቨሩ እንዲወስዱ አድርጉ።

ክላውዱስ? ማይክሮሶፍት ኤንትራ፣ እስከ 2023 አዙር አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይባል የነበረው፣ ዩዘሮቹን በኢንተርኔት በኩል ስለሚያስተዳድር ቢሮ ውስጥ ሰርቨርም የሰርቨር ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ) አያስፈልገውም። ሠራተኞቹ በስልክና በኢሜይል ለሚሠሩበት ሆቴል ደስ ይላል። ኔት ሲቋረጥ ግን ከዚህ በፊት በዚያው ማሽን የገባ ሰው ብቻ ነው የሚገባው። አዲስ ዩዘር መክፈትም የተረሳ ፓስወርድ መቀየርም ኔቱ እስኪመለስ ይቆያል። የሚከፈልባቸው እትሞች ክፍያም በየወሩ በውጭ ምንዛሪ ይቆጠራል።

የእኔ ምርጫ ከአስር እስከ አርባ ማሽን ላለው ቢሮ ሳምባ ነው። ሊኑክስ የሚችል ሰው ከሌላችሁና ገንዘቡ ካለ ዊንዶውስ ሰርቨር። የቱንም ብትይዙ ሰርቨሩ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው ያስገባል፣ ሳምባ ከሆነ ከፈቃድ የተረፈው ብርም እዚህ ላይ ይውላል። ከዩፒኤስ ጋር ማሽኖቹን የሚያገናኘውን የኔትወርክ ስዊችም አያይዙ፤ ስዊቹ ከጠፋ ሰርቨሩ መብራቱ ብቻውን አይጠቅምም።

ለተከለላችሁ ሰው የመጨረሻውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉ። እሱ እያየ አዲስ ዩዘር ክፈቱና ያ ዩዘር ነክቶት በማያውቅ ማሽን ግቡ። ከዚያ አንደኛውን ሰርቨር አጥፍታችሁ ድገሙት።