የ«ነፃ ነዎት» ወረቀት

ቤተሰብ ለመጠየቅ የመጣሁት ኮሮና ዳግም ባገረሸበት ሰሞን ስለነበር፣ በሦስት ሳምንት ቆይታዬ ከዘመድ ቤት ቀጥሎ የረገጥኩት ደጃፍ የምርመራ ጣቢያ ነው። በሁለት ቦታ ፈጣኑን የአንቲጂን ምርመራ (ከአፍንጫ በተወሰደ ናሙና ውስጥ የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገውን) አድርጌያለሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ መስተንግዶ እንከን አይወጣለትም። ወንበሩ ምቹ፣ ሠራተኞቹ ትሑት፣ ወረፋው አጭር። የናሙና መውሰጃ ዘንጓን የአፍንጫዬን ጫፍ ነካ አድርገው መለሷት። የአብዛኞቹ መመርመሪያዎች መመሪያ 15 ደቂቃ ጠብቁ ይላል፤ እነሱ ግን አምስት ሳይሞላ «ነፃ ነዎት» የሚል ባለማኅተም ወረቀት ሰጡኝ። ጉሮሮዬን መከርከር የጀመረኝ የዚያኑ ዕለት ጠዋት መሆኑን የጠየቀኝ የለም። እኔም ወረቀቱን አምኜ እናቴን አገላብጬ ሳምኳት።

በማግስቱ ትኩሳት ሲጨመርበት ወደ ሌላ ላቦራቶሪ ሄድኩ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ መቀመጫ የለም፤ አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ። ናሙና የወሰደችው ባለሙያ ግን ሕመሙ መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀች፣ ሁለቱንም የአፍንጫ ቀዳዳ እንባዬ እስኪመጣ አዳረሰች፣ ሰዓቷን እያየች 15 ደቂቃ ጠበቀች። ሁለት መስመር ወጣ፤ ተይዣለሁ ማለት ነው። የትናንቱን ወረቀት ሳሳያት አልተገረመችም። «ይህ የሚያየው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው፤ ገና ሲጀምር መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ያመልጠዋል። ፒሲአር የሚባለው የላቦራቶሪ ምርመራ ግን ዘረመሉን ስለሚያባዛ ቀድሞ ይደርስበታል» አለችኝ። ውጤቱ «ነፃ» ሲሆን ያቺ ብቻዋን የምትወጣው የመቆጣጠሪያ መስመርም ፈሳሹ መፍሰሱን እንጂ ናሙናው በቂ መሆኑን አትናገርም።

ተኝቼ ነገሩን ሳጣራ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለእነዚህ መመርመሪያዎች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት ከተያዙት 80 በመቶውን እንዲያገኙ፣ ከጤነኞቹ ደግሞ 97 በመቶውን በትክክል እንዲለዩ ነው። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2022 ባደሰው ግምገማ ግን መመርመሪያዎቹ በአማካይ ያገኙት ምልክት ካለባቸው የተያዙ ሰዎች 73፣ ከሌለባቸው 55 በመቶ ገደማውን ነው። በአፍንጫ ጫፍና በአምስት ደቂቃ ሲሠራበት ስንት እንደሚቀር መገመት አያዳግትም።

ደግሞም መስፈርቱን በሚያሟላ መሣሪያ 1,000 ሰው ብንመረምርና የተያዙት 10 ብቻ ቢሆኑ፣ 8ቱን ሲይዝ 30 ያህል ጤነኞችን «ታማችኋል» ይላል። ወረርሽኙ በርትቶ 200 ሰው ተይዞ ከሆነ ግን 160 እውነተኛ ሕሙማንን ሲያገኝ በስሕተት የሚፈርደው በ24 ሰው ላይ ነው። እኔ የተመረመርኩት በእንዲህ ያለው ወቅት ስለነበር ሁለቱን መስመር ለማመን አላመነታሁም። ያጠራጠረኝ ባዶው፣ «ነፃ ነዎት» ያለው ውጤት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ምልክት ያለበት ሰው በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ፣ የሌለበት ሦስት ጊዜ ይመርመር ያለው ለዚህ ነው።

ለመጀመሪያው ክሊኒክ የምሰጠው ምስጋና ለወንበሩ ብቻ ነው። ወደ ሁለተኛው ግን የቆምኩበትን ሰዓት ረስቼ እናቴን ወሰድኳት። በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመርምራ ሁለቱም ባዶ ወጣ። ለሦስተኛው ስንነሣ ግን አፍንጫዋን ዳግመኛ ለማንም እንደማትሰጥ ምላ ተቀመጠች።