ላልበራ ማሽን ከፍዬ መጣሁ

ከጥርስ ክሊኒክ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። አፌ አሁንም ደም ደም ይለኛል። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ነገ ከሆነ "ይቅር፣ አለፈ" ብዬ እተወዋለሁ።

መቼም እንዲህ ዓይነቶቹን ታውቋቸዋላችሁ። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ግድግዳው ላይ ሁሉም ሰው ይስቃል፣ ክፍያ በቅድሚያ ነው። ደረሰኙ ላይ ከጥርስ እጥበቱ በታች "የአየር ወለድ ኢንፌክሽን መከላከያ" የሚል ሌላ ሂሳብ አየሁ። ምንድነው አልኳት ሪሴፕሽኗን። ሸምድዳዋለች፤ አወረደችው። ከአፍ የሚወጣውን ጉም እዚያው የሚስብ ማሽን፣ ሄፓ የሚሉት የአየር ማጣሪያ፣ በዓይን ከማይታየው የ0.3 ማይክሮን ቅንጣት 99.97 በመቶውን የሚያስቀር፣ "ለእርስዎ ጤንነት ብለን ነው"። ቁጥሩ እውነት ነው። ማጣሪያው ከበራ!

ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። እንዲያውም አዋቂ ነኝ ባይ ስለሆንኩ ራሴን ነቀነቅሁ። የጥርስ ድንጋይ የሚያነሳው ነዛሪ መሣሪያ ውሃውን፣ ምራቁንና ደሙን አንድ ላይ በትኖ ጉም እንደሚያደርገው አንብቤ ነበር። ትልልቁ ጠብታ ወዲያው ይወድቃል፤ ደቃቁ ግን ታካሚው ከወጣ በኋላም ክፍሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሰውዬ እየሳሉ ሲወጡ ነው እኔ የገባሁት። መስኮቱ ዝግ ነው። ግድ የለም፣ ማሽን አለ አልኩ።

ማሽኑ አለ። ወንበሩ አጠገብ ቆሟል፣ የዝሆን ኩምቢ የመሰለ ክንዱን ወደኔ ቀስሮ። ዶክተሩ መሣሪያውን ሲያስነሳ ጢዝ አለና ፊቴ ላይ ካፊያ ጣለ። መነጽሬ ነጠብጣብ ሆነ፤ አንዷ ቀላ ያለች ናት። ምነው ኩምቢው አይስብም ብዬ ዓይኔን አዞርኩ። አፉ ላይ ከፋብሪካ የመጣበት ላስቲክ እንዳለ ነው። ገመዱ ተጠቅልሎ አንገቱ ላይ ታስሯል። ስፒናው ሶኬት አይቶ የሚያውቅም አይመስል።

እጄን አነሳሁ። "ዶክተር፣ ይሄ አይበራም እንዴ?"

ዶክተሩ ቀና አላለም። ረዳቷ ግን ሳቀች። "አይዞሽ የኔ እናት፣ እሱ ይጮሃል፣ ሰው ይረበሻል።" ከዚያ ያንን ቀጭን የምራቅ ቱቦ ከንፈሬ ላይ አንጠለጠለችልኝ። "ይኸው፣ ይስባል።" (ከመክፈሌ በፊት "እርስዎ" ነበርኩ፤ ከከፈልኩ በኋላ "አንቺ"።)

ያ ቱቦ የተጠራቀመ ምራቅ ይመጥጣል እንጂ ጉም አይዝም። ጉም የሚይዘው አፉ ሰፊ የሆነው፣ ረዳት በእጇ ጥርሱ ሥር የምታስጠጋው ትልቁ ሰክሽን፣ ማለት መሳቢያ ቱቦ ነው። እሱ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ ያየኛል። የረዳቷ እጅማ ስልክ ይዟል፤ ከነጓንቱ።

እኔስ ምን አደረግኩ? መልሼ ተኛሁና አፌን ከፈትኩ! ግማሹ ታጥቦ ግማሹ ቀርቶ የት ልሂድ ብዬ። ሲጨርስም "አመሰግናለሁ" አልኩት። ይቺ "አመሰግናለሁ" ናት እስካሁን የምታንገበግበኝ።

ስወጣ ያቺን ሂሳብ መልሱልኝ አልኩ። "ፓኬጅ ነው፣ አይነጣጠልም" አለችኝ፣ ከኮምፒውተሯ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን እንዲያበሩት አድርጉና ድምፁን ስሙት። ሳይጀምሩ አፋችሁን በፀረ ተህዋስ ካላስጉመጠመጧችሁ፣ ትልቁን ሰክሽን የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ ተነሱ።

ለነገሩ እኔ ምን አፍ አለኝ። ፓኬጁ የሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛውንም ከፍያለሁ።